የሰው ወርቅ ያደምቃል? ለቅሞ ማካፈልና የራስን ማዘጋጀት በነጋዴ ሚዛን

ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት መጋዘን ውስጥ የገባ ሰው፣ በመደዳ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ማየቱ የተለመደ ነው። ፍሬውን አላመረቱትም፣ አላጠቡትም፣ አላደረቁትም። ሥራቸው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና ጠጠሩን ከጥሩው መለየት ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ የቡናውን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ ገዢውም ለተለቀመ ቡና የተሻለ ዋጋ ይከፍላል። ሆኖም ለቀማ የማይሠራው ነገር አለ። የጅማ ቡና ምንም ያህል ቢለቀም ይርጋጨፌ አይሆንም። ጣዕሙ የሚመጣው ከመሬቱና ከአያያዙ እንጂ ከለቃሚዋ እጅ አይደለም።

ይህ የመጋዘን እውነት ነጋዴው ለደንበኞቹ ለሚያሰራጨው መረጃም ይሠራል። መርካቶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው፣ ቦሌ አካባቢ ቤት የሚያሻሽጠው ደላላ፣ ሰሊጥና ቦሎቄ የሚልከው ላኪ፣ ሁሉም ዛሬ በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መንገድ መልእክት ይልካሉ። የሚልኩት ነገር ግን ከሁለት ምንጮች የሚገኝ ነው። አንደኛው ሌሎች ከጻፉትና ካወጡት ውስጥ ለደንበኛው ይጠቅማል የተባለውን መርጦ ማካፈል ነው። ሁለተኛው ነጋዴው ራሱ ከሚያውቀው፣ ከሚያየውና ከሚሠራው ተነስቶ አዲስ ነገር አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው "ለቀማ"፣ ሁለተኛው "የራስ ዝግጅት" እየተባሉ ይጠራሉ።

ጊዜውም ገንዘቡም ውስን የሆነ ነጋዴ የትኛውን ይምረጥ? ብዙዎች ለቀማን የሚመርጡት ርካሽ ስለሆነ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ለቀማ የሰነፍ ሥራ ነው በሚል ሙሉ በሙሉ ይንቁታል። ሁለቱም አስተያየቶች ስሌት ይጎድላቸዋል። ጉዳዩን በትክክል ለመመዘን በቅድሚያ እያንዳንዱ ዘዴ በገበያ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ መለየት ያስፈልጋል።

ሁለት ዘዴዎች፣ ሁለት ሥራዎች

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ መረጃ ራሱ ዋጋ ያለው ሸቀጥ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ገዢ ርካሹንና ጥሩውን ዕቃ ለማግኘት ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ጊዜና ጉልበት ያወጣል፤ ይህም የፍለጋ ወጪ ይባላል። ፍለጋው የሚያስገኘው ቅናሽ ከፍለጋው ወጪ ሲያንስ ገዢው መዞሩን ያቆማል። የለቀማ ጥቅም የሚመነጨው ከዚህ ነው። የየባንኩን የምንዛሪ ተመን፣ አዲስ የወጣ መመሪያን ወይም የዓለም የብረት ዋጋን ሰብስቦ በአንድ ገጽ የሚያቀርብ ነጋዴ ደንበኛውን ከፍለጋ ወጪ ያድነዋል። ደንበኛውም በየጠዋቱ እርሱ ዘንድ የመምጣት ልማድ ያዳብራል።

ይሁን እንጂ መምጣትና መግዛት አንድ አይደሉም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ በምሳሌነት ወስዶ እንዳስረዳው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው በማያውቅበት ገበያ ገዢው ሁሉንም ዕቃ በጥርጣሬ ዓይን ያያል፤ ዋጋም ይሰብራል። በዚህ የተነሳ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ለመሸጥ እንኳ አይወጣም። ማይክል ስፔንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚህ ጥርጣሬ መውጫ አንዱ መንገድ ምልክት መሆኑን ገለጸ። ምልክቱ የሚታመነው ግን መጥፎው ሻጭ በቀላሉ ሊያወጣው የማይችለው ወጪ ያለበት ከሆነ ነው። ሁለቱ ምሁራን ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ከዚህ አንፃር ሲታይ ለቀማ ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ማንም በአንድ ጣት ነክቶ የሚያስተላልፈው ነገር ጥሩውን ሻጭ ከመጥፎው አይለይምና። የራስ ዝግጅት ግን ዕውቀት፣ ጊዜና ድካም ስለሚጠይቅ ምልክት መሆን ይችላል። በአጭሩ ለቀማ ደንበኛን ያቀርባል፤ የራስ ዝግጅት ያሳምነዋል። ኪሳራ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲጠበቅ ነው። ይህንንም ሦስት የታወቁ የንግድ ታሪኮች ያረጋግጣሉ።

ከቡና ቤት እስከ መድን ገበያ

በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው በለንደን ከተማ ቡና ቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1691 ሎምባርድ ወደሚባለው የነጋዴዎች ሰፈር ተዛወረ። ደንበኞቹ የመርከብ ካፒቴኖች፣ የመርከብ ባለቤቶች፣ ነጋዴዎችና የጭነት ዋስትና የሚሰጡ ባለገንዘቦች ነበሩ። በዚያ ዘመን ለእነዚህ ሰዎች ትልቁ ጥያቄ የትኛው መርከብ ደረሰ፣ የትኛውስ ቀረ የሚለው ነበር። ሎይድ ቡና ብቻ መሸጥ በቂ እንዳልሆነ ተረዳ። ስለ መርከቦች እንቅስቃሴ ከየወደቡ የሚመጣውን ወሬ እያጣራ ለደንበኞቹ ያቀርብ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1696 ይህንኑ ሥራ አስፋፍቶ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚወጣ ጋዜጣ መሠረተ። ጋዜጣው ግን ብዙ አልቆየም። በየካቲት 1697 ላይ ስለ እንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት ውሎ አንድ ወሬ አወጣ። ወሬው መሠረተ ቢስ መሆኑ ተነግሮት እንዲያርም ሲጠየቅ ሎይድ ጋዜጣውን ማቆምን መረጠ። የጋዜጣው ዕድሜ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም።

ቡና ቤቱ ግን አልተዘጋም። ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1713 ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1734 የመርከብ ወሬ የሚያወጣውን "ሎይድስ ሊስት" ጀመሩ። ይህ ኅትመት እስከ 2013 ድረስ በወረቀት ሲወጣ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ ይሠራጫል። በቡና ቤቱ ወንበሮች ላይ የተጀመረው የዋስትና ሥራም ዛሬ በዓለም ከታወቁት የመድን ገበያዎች አንዱ የሆነው ሎይድስ ሆኗል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሎይድ የጠፋበት ወሬ ከሙያው ውጭ የሆነ፣ ሊያረጋግጠው የማይችለው ነበር። ያቆየው ወሬ ደግሞ በደንበኞቹ አፍና በደጁ የሚያልፍ፣ ከማንም አስቀድሞ የሚሰማውና የሚያጣራው ነበር። ዛሬም አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ስለ ጨርቅ የሚለው ይታመናል፤ ስለ ፖለቲካ ሹመትና ሽረት ያስተላለፈው ወሬ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን ደንበኛው የጨርቁንም ዋጋ መጠራጠር ይጀምራል።

የለቃሚዎች ንጉሥ

ለቀማ ብቻውን ሀብት አያስገኝም የሚል ሰው ካለ፣ የአሜሪካው "ሪደርስ ዳይጀስት" መጽሔት ታሪክ ይቃወመዋል። ዴዊት ዋላስና ባለቤቱ ላይላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1922 ያወጡት የመጀመሪያ እትም 31 ጽሑፎች ነበሩት፤ በቀን አንድ ጽሑፍ በሚል ሐሳብ ነው። ጽሑፎቹ ከሌሎች መጽሔቶች ተመርጠውና አጥረው የቀረቡ ነበሩ። ዋላስ በኒውዮርክ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ መጽሔቶችን ያነብ፣ ጠቃሚውን ይመርጥ፣ ያሳጥርም ነበር። ሐሳቡን ቀደም ሲል ለአሳታሚዎች አቅርቦ አልተቀበሉትም። አንባቢው ግን ተቀበለው። ይህ የፍለጋ ወጪን የመቀነስ ሥራ በከፍተኛ ደረጃ የተሳካበት ምሳሌ ነው።

ሆኖም ለቃሚው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ አደጋ ታየው። ምርቱ በሌሎች እጅ ነበር። ሌሎች መጽሔቶች ነገ "አንሰጥም" ቢሉ የሚለቀም ነገር አይኖርም። በመሆኑም በ1930ዎቹ መጽሔቱ ለራሱ የተጻፉ ጽሑፎችን ማዘጋጀት ጀመረ። ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 የወጣው የመኪና አደጋን ዘግናኝነት የሚያሳይ ጽሑፍ በመላው አሜሪካ ደጋግሞ እስኪታተም ድረስ ታዋቂ ሆነ። ትናንት ከሌሎች የሚለቅመው መጽሔት ሌሎች ከእርሱ የሚወስዱት ሆነ ማለት ነው። አደጋው ከንቱ ሥጋት አልነበረም። "ዘ ኒውዮርከር" የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1944 ጽሑፎቹ በዳይጀስት እንዳይወጡ ከልክሏል።

የዚህ ታሪክ መጨረሻም ለነጋዴ የሚነግረው አለ። አሳታሚው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2013ም ደገመ። ከ1938 ጀምሮ ይወጣ የነበረው የብሪታንያው እትም በ2024 ተዘግቷል። ለዚህ ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ዕዳም አንዱ ነው። ነገር ግን ማንም ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ የፈለገውን መርጦ ማንበብ በሚችልበት ዘመን፣ መርጦ የማቅረብ አገልግሎት የሚያወጣው ዋጋ መውረዱ አይካድም። የለቀማ ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው ከፍለጋ ወጪ ጋር ነው።

ከዝርዝር ወደ ፍርድ

ሦስተኛው ታሪክ የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ የሆነው የሚሼሊን ነው። ወንድማማቾቹ አንድሬና ኤዱዋር ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ1900 ለአሽከርካሪዎች የሚሆን አነስተኛ መምሪያ መጽሐፍ አሳትመው በነጻ አደሉ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የነበሩት መኪናዎች ከ3,000 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ የታተመው መምሪያ ወደ 35,000 ቅጂ ይጠጋ ነበር። በውስጡም ጎማ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ ጋራዥና ማረፊያ በየትኛው ከተማ እንዳለ ተዘርዝሯል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ሰው ብዙ ከተጓዘ ጎማ ያልቃል፤ ጎማ ካለቀ ሌላ ይገዛል።

መምሪያው በመጀመሪያ ዝርዝር ነበር። የሆቴልና የጋራዥ ዝርዝር ደግሞ ሌላውም ሰብስቦ ሊያወጣው የሚችል ነገር ነው። ለውጡ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 መምሪያው በገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ የሌሎችን ማስታወቂያም ከውስጡ አስወጣ። በ1926 ለጥሩ ምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። በ1931 ደግሞ የሁለትና የሦስት ኮከብ ደረጃ ተጨመረ። ማንነታቸውን ሳይገልጹ ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው የሚወጡ መርማሪዎች የሚሰጡት ፍርድ የመምሪያው ዋና ሀብት ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሚሼሊን ለቀማውን አልተወውም፤ ዝርዝሩ አሁንም አለ። የጨመረበት ነገር ቢኖር ፍርድ ነው። በለቀማና በራስ ዝግጅት መካከል ያለው ድንበር የሚሻገረው የግድ ረጅም ጽሑፍ በመጻፍ ሳይሆን፣ በተለቀመው ነገር ላይ ሙያዊ ፍርድን በመጨመር ሊሆን ይችላል። "ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" የሚለው አባባል ይህንኑ ይመስላል።

በአዲስ አበባ ገበያ

በአገር ውስጥ ገበያ የዚህ ልዩነት ውጤት በግልጽ የሚታየው በድለላ ሥራ ነው። አንድ የሚከራይ ቤት ፎቶግራፍ በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ ደላሎች ገጽ ላይ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ ቤቱን በዓይኑ ያየው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ለቅመው ያስተላለፉ ናቸው። ደንበኛው ስልክ ሲደውል ቤቱ ተከራይቷል፣ ዋጋው ተለውጧል ወይም ፎቶግራፉ የሌላ ቤት ነው። ይህ ሲደጋገም ደንበኛው ደላላን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ይጀምራል፤ እውነተኛውም ደላላ የኮሚሽን ድርድር ላይ ሲቀመጥ የሌሎቹን ዕዳ አብሮ ይከፍላል። አከርሎፍ ስለ መኪና የጻፈው በቤትም ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

ከዚህ የሚያወጣው ምልክት ውድ አይደለም። ደላላው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያየውን መጻፍ ነው። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከር አለ? የመብራት ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? ዝናብ ሲጥል መኪና እስከ በር ይገባል? ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ ካርታው የሊዝ ነው ወይስ የነባር ይዞታ? የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ ስለመኖሩ ተጣርቷል? "በዚህ ቀን አይቼዋለሁ" ብሎ ቀን የሚያስቀምጥ ደላላ፣ ሳያይ የሚያስተላልፈው ተወዳዳሪው ሊኮርጀው የማይችለውን ነገር አቅርቧል። ጉድለቱን ጭምር የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል።

ሌላው ምሳሌ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወጣ፤ ጭማሪው 30 በመቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ተመን በየዕለቱ ስለሚያወጡ፣ ተመኖቹን ሰብስቦ በአንድ ሠንጠረዥ ማቅረብ ጠቃሚ ለቀማ ሆነ። እንዲህ ባለ ሳምንት ሁለት ዓይነት አስመጪዎች ይታሰቡ። አንዱ ሠንጠረዡን ብቻ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ከሠንጠረዡ ሥር የሚከተለውን ይጨምራል፦ በመጋዘን ያለው ዕቃ መቼና በምን ተመን እንደገባ፣ በመርከብ ላይ ያለው መቼ እንደሚደርስ፣ የሚቀጥለው ዋጋ በምን ስሌት እንደሚወጣና የተሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና።

ሁለተኛው አስመጪ በድሮው ዋጋ ይሸጣል ማለት አይደለም። ያን ዕቃ ለመተካት አዲሱን ተመን መክፈል ስላለበት ዋጋ መጨመሩ አይቀርም። ነገር ግን ደንበኛው የጭማሪውን ምክንያት ከነስሌቱ ስላየ የግንባታ ሥራውን ዕቅድ ማውጣት ይችላል። የመጀመሪያውን ተመልካች ይከተለዋል፤ ሁለተኛው ዘንድ ግን ትዕዛዝ ይመጣል።

በእህልና በቅባት እህል ንግድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ ዋጋን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ በስልክና በአጭር መልእክት የማሰራጨት ልማድ ተፈጥሯል። ዋጋው ይፋ ከሆነ እርሱን መድገም ማንንም ከማንም አይለይም። የሚለየው ዋጋው ያልነገረውን ማወቅ ነው። የዘንድሮው ሰሊጥ እርጥበቱ እንዴት ነው? የጭነት መኪና ይገኛል? መንገዱ ላይ ስንት ቀን ይፈጃል? ይህን የሚያውቀው በሥራው ላይ ያለው ነጋዴ ነው።

ወጪና ውጤት ሲሰላ

የራስ ዝግጅት ውድ ነው የሚለው አስተያየት የሚመነጨው የለቀማን ወጪ ካለመቁጠር ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ የቀለም ሱቅ ይታሰብ። የባለቤቱ የአንድ ሰዓት ጊዜ 200 ብር ነው እንበል። በሳምንት 6 ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እያነበበና እየመረጠ ቢያስተላልፍ በሳምንት 3 ሰዓት ወይም 600 ብር ያወጣል። በዓመት 31,200 ብር ይሆናል። በአንፃሩ በየሁለት ሳምንቱ 6 ሰዓት ወስዶ አንድ የራሱን ጽሑፍ ቢያዘጋጅ፣ ለእያንዳንዱ 1,200 ብር፣ በዓመት ለ26 ጽሑፎች ያው 31,200 ብር ያወጣል።

ወጪው እኩል ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ በእጅ የሚቀረው ግን እኩል አይደለም። የለቀማው 312 መልእክቶች አብዛኞቹ በማግስቱ ያረጁ ናቸው። 26ቱ ጽሑፎች ግን የሱቁ ንብረት ሆነው ይቆያሉ። ለምሳሌ ደንበኛ በየቀኑ የሚጠይቀውን "ለአንድ ክፍል ስንት ሊትር ቀለም ይበቃል?" የሚለውን ጥያቄ እንውሰድ። ወርዱና ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው በድምሩ 48 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮቱ 4 ካሬ ሜትር ቢወስዱ 44 ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 88 ካሬ ሜትር ይሆናል። በጣሳው ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ከተጻፈ የሚያስፈልገው 8 ነጥብ 8 ሊትር ነው። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ግን ቀለም ስለሚመጥ ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ይህ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለዓመታት ያገለግላል። ደንበኛው ባዶ ጣሳ ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ ከመመላለስ፣ ወይም ትርፍ ገዝቶ ከመቆጨት ይድናል፤ ማን እንዳዳነውም አይረሳም።

ለቀማውን ፈጽሞ መተው ግን ሌላ ስህተት ነው። በ14 ቀን አንዴ ብቻ የሚናገር ገጽ ይረሳል። ስለዚህ ባለሱቁ ለቀማውን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን፣ ማለትም ወደ አንድ ሰዓት ቢቀንሰው፣ ዓመታዊ ወጪው 10,400 ብር ይሆናል። በቀሪው 20,800 ብር 17 የራሱን ጽሑፎች ማዘጋጀት ይችላል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ መሆኑ ነው። ጠቅላላ ወጪው ከ31,200 ብር አልዘለለም፤ ደንበኛውን የሚያቀርበውም፣ የሚያሳምነውም ሁለቱም ተሟልተዋል።

በዚህ ላይ አንድ አዲስ ሁኔታ ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በሰፊው የተሰራጩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች፣ ስለ ማንኛውም ነገር አጠቃላይ ጽሑፍ በደቂቃ ያወጣሉ። "ጥሩ ቀለም ለመምረጥ አምስት ዘዴዎች" የሚል ጽሑፍ ማዘጋጀት ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ወጪ የሌለው ነገር ደግሞ ምልክት አይሆንም። አዲስ የተጻፈ ሁሉ የራስ ዝግጅት አይደለም፤ የራስ የሚያሰኘው ከራስ ደብተር፣ ከራስ መጋዘንና ከራስ ደንበኛ የወጣ መሆኑ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ለቀማ ሕጋዊ ወሰንም አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ሳይሆን የሐሳቡን አገላለጽ ይጠብቃል። ከታተመ ሥራ ለዓላማው በሚያስፈልግ መጠን፣ በተገቢ ልማድ መሠረት፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ መጥቀስ የተፈቀደ ነው። ሙሉ ጽሑፍን ገልብጦ የራስ አስመስሎ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ፎቶግራፍም ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ስለሆነ፣ የሌላውን ደላላ ወይም ሱቅ ፎቶግራፍ ያለፈቃድ መጠቀም ከነውርነቱ ባሻገር ሊያስከስስ ይችላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። "ከሌላ ያገኘሁት ነው" የሚለው ምክንያት የተታለለ ደንበኛን አይመልስም።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ ጥቂት የሥራ ደንቦች ይወጣሉ።

1ኛ. በሙያ ክልል ውስጥ ብቻ መልቀም። ሊያረጋግጡት የማይችሉትን፣ ከንግዱ ጋር የማይገናኘውን ወሬ አለማስተላለፍ። ሎይድን የጎዳው ይኸው ነው።

2ኛ. ከእያንዳንዱ የተለቀመ መረጃ ሥር ቢያንስ ሁለት መስመር የራስን ፍርድ መጨመር። ይህ መመሪያ ማንን ይነካል? ዋጋውስ ምን ያህል ይለወጣል? የሚጨመር ነገር ከሌለ መረጃው ለደንበኛው አስፈላጊ መሆኑን እንደገና መመርመር።

3ኛ. ምንጭንና ቀንን ምንጊዜም መጻፍ። ቀን የሌለው ዋጋ የሚያጣላ ዋጋ ነው።

4ኛ. በባንኮኒው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጦ ደንበኞች የሚጠይቁትን መመዝገብ። በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ ለሚቀጥለው የራስ ዝግጅት ርዕስ ይሆናል። ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

5ኛ. ውጤቱን በተመልካች ብዛት ሳይሆን በሽያጭ መለካት። የመጣውን ደንበኛ "ከየት ሰምተው መጡ?" ብሎ መጠየቅና መጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ የትኛው ጽሑፍ ሰው እንዳመጣ፣ የትኛውስ ሰው እንዳስገዛ ደብተሩ ይናገራል። ሁለቱ የተለያዩ ሆነው ቢገኙ አያስደንቅም።

6ኛ. ስህተት ሲገኝ በዚያው ገጽ ላይ በግልጽ ማረም። ማረምን የፈራው የሎይድ ጋዜጣ ተዘግቷል።

እርግጥ ነው፣ የራስን ማዘጋጀት የሚያስፈራ ጎን አለው። ብዙ ነጋዴዎች የሚያውቁትን ቢጽፉ ተወዳዳሪ ይወስድብናል ብለው ይሠጋሉ። የዕቃ አቅራቢውን ስም፣ የግዢ ዋጋንና የደንበኞችን ዝርዝር መደበቅ ተገቢ ነው። ለአንድ ክፍል ስንት ሊትር ቀለም እንደሚበቃ መደበቅ ግን የሚጠቅም ምስጢር አይደለም። ተወዳዳሪው ቢገለብጠው እንኳ ከማን እንደገለበጠ ገበያው ያውቃል።

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይባላል። በገበያ ሚዛን ሲታይ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። የተዋሱት ወርቅ ለሠርጉ ምሽት ያደምቃል፤ ሰውም ዞር ብሎ ያያል። በማግስቱ ጠዋት ግን ለባለቤቱ ይመለሳል። ባንክ ሄዶ በመያዣነት የሚቀርበው የራስ የሆነው ብቻ ነው።